ግራዝማች ነው ብያለሁ

አይደለም! ቀኛዝማች አይደለም፣ ግራዝማች ነው። አንተ በሕይወት እያለህ አልለወጥኩም፣ አሁን አፈር ስለለበስክ ብዬም አልለውጥም። ማን ጠየቀሽ ትለኝ ይሆናል። ማንም አልጠየቀኝም። የልጅ ልጃችን ሕይወት ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ እኔ ደግሞ አፌ ሥራ ሲፈታ ምን እንደማደርገው አላውቅበትም። ታውቀኛለህ። ስለዚህ የልጅቷን እስክሪብቶ አነሣሁ።

የአስካለ አባት፣ እንደምን ሰንብተሃል? ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። ዛሬ ጠዋት ጉሙ መሐል ሜዳ ከተማን ውጦት የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም ነበር። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኩት ፊደል እየተንጋደደ ስለሚያስቸግረኝ ነው። ጽሕፈቴ ቢያስቅህ ሳቅ። ብቻ አንድ ነገር አለ፤ ከላይ እስከ ታች “አንተ” እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ቴሌቪዥኑ ሳይበራ “አንተ” ማለቴ ነው። ደንባችንን ጣሰች ብለህ እንዳትቀየመኝ፤ ዛሬ ቸግሮኝ ነው።

ምን ቸገረሽ በለኝ። ያ ቴሌቪዥናችን፣ ባለ እንጨት ሣጥኑ፣ ያ ቂጣሙ፣ ዛሬ ከቤት ሊወጣ ነው። ልዋጭ ሊወስደው ነው። ሕይወት ከደብረ ብርሃን ስስ ቴሌቪዥን ገዝታ መጣች፤ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። “እማማ፣ ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልሻል፣ ቤቱን አጣበበው እኮ” አለችኝ። እኔም ትናንት እሺ አልኩ። ምን ልበላት? “ከኋላው ቆሜ አያትሽን አንተ ያልኩበት ነው” ልበላት? እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ልጅ ይነገራል?

እስቲ ከመጀመሪያው ላንሣው። ብታውቀውም እኔ ሳወራው ደስ ይለኛል፣ አንተም ዛሬ አቋርጠኸኝ አትወጣም።

ደርግ ወድቆ፣ ሰው አረብ አገር መሄድ ሲጀምር አስካለ ጅዳ ሄደች፤ ሕይወትን ለእኛ ትታ። ከዚያ ለልጇ ብላ፣ የአሠሪዎቿ ልጆች አርጅቷል ብለው የተዉትን ጌም በሰው ላከች። ግራጫ ሣጥን፣ እንደ አንጀት የተጠቀለለ ገመድ፣ አንድ ጆይስቲክ፣ አንድ ካሴት። ልጅቱ ገና ነፍስ አላወቀችም፤ ጆይስቲኩን ነክሳ ነክሳ ምራቋን ቀብታው ተወችው። ለማን ቀረ? ለሁለት ሽማግሌ።

ሬዲዮ ሠሪው ሰይድ የመብራቱን ኃይል የሚያሳንስ አንድ የሚያቃስት ብረት አመጣልንና ቀጠልነው። አቤት ያን ቀን! ሥዕሉ መጣ፣ ግን ቀለም የለውም፤ ነጭና ጥቁር፣ እንደ እኛ በግ ጠጉር። ደግሞም አይቆምም፤ ከሥር ብቅ ይላል፣ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ከሥር ብቅ ይላል። እኔ ራሴን አዞረኝ። አንተ ግን ኮስተር ብለህ አየኸውና ቀለሙ ለምን እንደጠፋ ተናገርክ፤ “ጾም ላይ ነው” አልክ። ፍልሰታ ነበር። ፍልሰታ ተፈታ፣ እኛ ሥጋ በላን፣ እሱ ግን አልፈሰከም።

አንተ ደግሞ መላ አታጣ። ከሌላ አገር የተገዛች በግ መጀመሪያ ከመንጋው ጋር እየተደናበረች ታስቸግራለች፤ ከለመደችው በግ ጋር አንድ ላይ ሲያስሯት ትላመዳለች። ጌሙንም እንደዚያ አደረግኸው! ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥከው፣ ራስህ ከበግ ጠጉር የሠራኸውን ዝተት ከላይ ደርበህ ሁለቱን አንድ ላይ ሸፈንካቸው። “እንግዳ ነው፣ ይለምዳል” እያልክ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካቸው ከለከልክ። ዝተቱ ሲገለጥ ጌሙ ያው፣ መንከባለሉም ያው። የለመደ ነገር ቢኖር ዝተቱን የለመደው ቁንጫ ብቻ ነው።

ሰይድ ይህን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው። “ጋሼ፣ ጸባዩ አይደለም፣ አገሩ ነው” አለህ። ጌሙ የተሠራው ለሌላ አገር ቴሌቪዥን ነው፤ የእነሱ አገር ቴሌቪዥን ሌላ አቆጣጠር፣ የእኛ ሌላ አቆጣጠር አለው፤ ጌሙ በሰከንድ ስድሳ ሥዕል ሲልክ የእኛው ሃምሳ ብቻ ተቀብሎ ይደናገራል፤ ቀለሙንም የሚልክበት ቋንቋ ለየቅል ነው አለ። እኔ እንደገባኝ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ ሌላው ቀስ እያለ ሲያጨበጭብ ማለት ነው። ቀለሙን አልችልም፣ መንከባለሉን ግን ላቁመው ብሎ ቴሌቪዥኑን አዞረው። ከኋላው ያቺን ትንሽ ማዞሪያ አገኘ። ቀስ ብሎ ሲያዞራት ሥዕሉ ቀጥ አለ። እልል አልኩ። ሰይድ እጁን ሲያነሣ ተመልሶ ተንከባለለ። አሁንም ያዛት፣ ቆመ። ለቀቃት፣ ተንከባለለ። ማዞሪያዋ አርጅታ ነበር፤ በያዟት ልክ አትቀመጥም፣ ትሸሻለች። ሰይድ “እንግዲህ አንድ ሰው ይዟት መቆም አለበት” ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ነው ጌሙ የሁለት ሰው የሆነው። አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነበረው፣ ግን ብቻውን የሚጫወተው ሰው አልነበረም። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ከኋላ መቆም እንዴት ያናድድ እንደነበር አልነገርኩህም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ በየቀኑ ነግሬሃለሁ። አንተ ከፊት ሆነህ “ኧረ! ኧረ! ኧረ!” ትላለህ፤ እኔ የማየው ግድግዳና የሸረሪት ድር ነው። ምን ሆነ ስልህ “ቆይ” ትለኛለህ። አንድ ቀን ማዞሪያዋን ለቅቄብህ ወጣሁና ሽሮዬን አማሰልኩ። ተመልሼ ስመጣ የሠርጋችንን መስታወት ከጓዳ አውጥተህ ከእንጨት መደባችን በላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ሰቅለኸዋል። ከኋላ ቆሜ ቀና ስል ሁሉን አየሁት። ኮስተር ማለትህንም፣ ሳቅህንም፣ ጌሙ ውስጥ ያለውን ትንሽ ሰውዬም።

ጣቴን እንዳይቆርጠኝ ብለህ ደግሞ ማዞሪያዋ ላይ የበግ ጠጉር ክር ጠመጠምክባት። ጥቁር ክር ነበር። ራሴ የፈተልኩት።

ትንሹ ሰውዬ፣ እግዜር ይስጠው፣ በርኖስ ለብሶ ገደል ለገደል የሚዘል ነው። ሌላ ሥራ የለውም። ይሮጣል፣ ገደል ይመጣል፣ መዝለል ነው። አንተ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ ዞሮ አያውቅም ብለህ “ቀኛዝማች” አልከው። እኔ ግን በመስታወቱ ሳየው የሚሮጠው ወደ ግራ ነው። ወደ ግራ ብቻ! “ምን ቀኛዝማች ይላሉ፣ ግራዝማች ነው እንጂ” አልኩ። ተጣላን። በእውነት ተጣላን፤ እራት ስንበላ ተዘጋግተን ነበር። በበርኖሱ ደግሞ ሌላ ጠብ። አንተ ዝተት ሠሪ ነኝ፣ ቀለም አውቃለሁ ብለህ አረንጓዴ ነው አልክ፤ እኔ ቀይ ነው አልኩ። ቀለም በሌለው ሥዕል!

የንስሐ አባታችን የመጡበትን በዓል ታስታውሳለህ? በበዓል ቀን ዝተት አይሠራ፣ ጠጉር አይፈተል፤ የእኛ ጨዋታ የሚደራው ያኔ ነበር። ይህን መጫን ሥራ ይሆን ወይ ብለህ ጠየቅካቸው። እስቲ ልየው አሉና ተቀመጡ። ሰውየው ገደል በገባ ቁጥር “እግዚኦ” እያሉ ያማትባሉ። ቀኝና ግራውን እንዲፈርዱልን ብንነግራቸው አንዴ ከፊት ሆነው አዩ፣ አንዴ ከኋላ መጥተው በመስታወቱ አዩ፣ ጺማቸውን ዳበሱና “ልጆቼ፣ ይሄ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ፊታውራሪ ነው” ብለው ሾመውት ሄዱ። ሥራ ነው አይደለም የሚለውን ግን ሳይፈቱልን ቀሩ።

እንግዲህ ያቺን “አንተ” ላንሣት።

ካገባኸኝ ጀምሮ “እርስዎ” ነው የምልህ። በዕድሜ ትበልጠኛለህ፣ እናቴም እንደዚያ አስጠንቅቃ ነው የላከችኝ፤ ጓዳም ይሁን አደባባይ “እርስዎ”። ልጅ ወልጄ፣ ድሬ፣ ፀጉሬ ሸብቶ “እርስዎ”። አንዴም አልሳትኩም። ታዲያ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ስቆም ገደሉ ሲመጣ በመስታወቱ ቀድሜ አየዋለሁ፤ ዓይንህ ደክሞ ነበር፣ አይደክምም ብትልም። “ይዝለሉ!” እልሃለሁ። “ይዝ...” ብዬ “ሉ” ላይ ሳልደርስ ሰውየው ገደል ገብቷል። “ይዝለሉ!” ገደል። “ይዝለሉ!” ገደል። በመጨረሻ ጆይስቲኩን አስቀመጥክና፣ “አንቺ ሴት፣ ከፊቷ ያለችውን ‘ይ’ ከኋላዋ ያለችውን ‘ሉ’ ተያቸው፤ ይሄ ሰው የሚሞተው በነሱ ምክንያት ነው” አልከኝ።

እንዴት ብዬ? ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ያን ቀን ማዞሪያዋን ብቻ ይዤ ቆምኩ፤ አንተም በየገደሉ ስትገባ ዋልክ። በማግሥቱ ግን፣ ሰውየው ከዚያ በፊት ደርሰንበት ከማናውቀው ሰፊ ገደል ጫፍ ሲደርስ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ “አንተ! ዝለል!” ብዬ ጮህኩ። ዘለለ። ተሻገረ።  አንተ ወደ መስታወቱ ዞር አልክና ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ እንደ ሙሽራ ቀላሁ፣ በዚያ ዕድሜዬ። አንተ ግን “ቀጥይ” አልክ።

ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ “አንተ”፣ ሲጠፋ “እርስዎ”። መብራት ድንገት ቢሄድ እንኳ የጀመርኩትን ቃል አጥፌ “እርስዎ” ላይ እጨርሰው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አመለጠኝ። ከለቅሶ ስንመለስ፣ ሰው ሁሉ ከኋላችን፣ ወንዙ ሞልቶ ከድንጋይ ድንጋይ ስትረግጥ ብትንገዳገድብኝ፣ “አንተ! ዝለል!” አልኩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንተ ግን ዘለልክ። ማዶ ቆመህ ዞር ብለህ፣ “ቴሌቪዥኑን ማን አበራው?” አልክ። ከሳቄ የተነሣ ወንዝ ውስጥ ልገባ ነበር። ሴቶቹ ይሄው እስከ ዛሬ ምን ማለትህ እንደሆነ አያውቁም። ለማንም አልነገርኩም።

የመጨረሻውን ጊዜ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በሱ ምክንያት ነው። ያመመህ ሰሞን እጅህ መወርወሪያ መያዝ አቃተው፤ ዝተቱ ሳያልቅ ከነእንጨቱ ቆመ። ጆይስቲኩም ከጣትህ ይወድቅ ጀመር። አንድ የሚካኤል ዕለት መደቡን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስጎተትከኝ፣ አሮጌውን ዝተት ለብሰህ እዚያ ተጋደምክ፣ ማዞሪያዋን ያዝክና “ዛሬ አንቺ ሂጂ ከፊት” አልከኝ። ከፊት ተቀምጬ ስጫወት የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊት ሳየው ለካ ሰውየው ወደ ቀኝ ነው የሚሮጠው! አንተም በመስታወቱ ቀና ብለህ ስታየው ቆየህና በዚያች ደካማ ድምፅህ “እውነትሽን ነው፤ ግራዝማች ነው” አልክ። እኔ ደግሞ እልኸኛዋ “ኧረ ቀኛዝማች ነው!” አልኩህ። እንደገና ጠብ! ያን ሁሉ ዘመን ተከራክረን፣ ቦታ ስንለዋወጥ አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን ይዘን ተጣላን።

ከዚያ ገደሉ መጣ። አንተ ከኋላ ሆነህ ቀድመህ አየኸው። “ዝለዪ” እንደምትለኝ ስጠብቅ፣ እንዲያው እንደ ቤተ መንግሥት ሰው ቀስ አድርገህ፣ “ይዝለሉ፣ እመቤቴ” አልከኝ።

እኔን! እርስዎ! ሰውየው ገደል ገባ። ጆይስቲኩ ከእጄ ወደቀ። ሳቅኩ፣ ሳቅክ፣ ሳልህ እስኪነሣ ሳቅክ። ማዞሪያዋን ግን አለቀቅካትም፤ እያሳለህ እንኳ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልበራም። የቀበርንህ ዕለት ደረቴን እየመታሁ “ጌታዬ፣ እርስዎ” እያልኩ አለቀስኩልህ፤ ሰው ፊት ነው፣ ሌላ ምን ልበል። “አንተ” ብዬ ሳልሸኝህ ቀረሁ። ይሄ ነው ደረቴ ላይ የቀረው። ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን አየሁት፤ ከፊቱም ሰው የለ፣ ከኋላውም ሰው የለ። ዝተትህን ጣል አደረግኩበት።

ትናንት ሕይወት ያንን ጌም ከአዲሱ ጋር ቀጠለችው። ይሄኛው የሁሉንም አገር ይቀበላል አለች፤ ጅዳ በለው፣ ሌላ በለው፣ ግድ የለውም። ወዲያው በራ። አልተንከባለለም። ቀለሙም መጣ። ጾሙ ተፈታ! በርኖሱን ልንገርህ? ቢጫ ነው። እንደ አደይ አበባ ቢጫ! አረንጓዴም አይደል፣ ቀይም አይደል፤ ሁለታችንም አፍረናል። ብቻዬን ሳቅኩ። ሕይወት ደግሞ እግሯን አጣጥፋ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ስልክ ደቅና፣ ብቻዋን ታዘልለዋለች። “ነይ ተጫወቺ እማማ፣ ቀላል ነው” ትለኛለች። ሄጄ ከኋላው ልቆም ፈለግኩ። ከኋላው ግድግዳ ነው። ሰው የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ሸጋ ነው፤ አልካድኩም። ልጄ ለፍታ ያመጣችው ነው፣ ዜናውንም በሰንበት የሚተላለፈውን ቅዳሴም አይበታለሁ። ግን የአስካለ አባት፣ ይሄ አዲሱ እቃ ማንንም አይፈልግም። ያኛው እኛን ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሕይወት ሳታየኝ ዝተቱን ገለጥኩና ከአሮጌው ኋላ ሄድኩ። አልበራም፣ አላበራሁትም። ማዞሪያዋን ያዝኳት። ያቺ የጠመጠምካት ክር እስካሁን አለች፤ ትንሽ ሣሥታለች እንጂ አልተፈታችም፤ ጣቴም ቦታዋን አወቀቻት። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ወደ ቦታው የተመለሰው መደብ ባዶ ነው። አፌን ከፍቼ ሞከርኩት፣ ቴሌቪዥኑ ሳይበራ፣ ቀስ ብዬ፣ ማንም በሌለበት። “አንተ” አልኩ። ቀላል ነው ለካ። ግን ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ስል ምላሴ ተመልሶ “እርስዎ” ሆነ። ለዚህ ነው መደቡን አስጠግቼ፣ ጀርባዬን እዚያው ቂጣም ሣጥን ላይ አስደግፌ የምጽፍልህ። እቃው ከሄደ የት ቆሜ ልጠራህ ነው?

ወጪ አይጠይቀኝ፣ አይበላ፣ አይጠጣ። ጥግ ይዞ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል? መስታወቱንም አላወርድም፤ ሕይወት ለምን እዚያ ተሰቀለ ብትል ፊቴን ላይበት ነው እላታለሁ። በየሚካኤሉ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ዝተትህን ገልጬ ከኋላው እቆማለሁ። የመጣ ገደል ሁሉ ቢመጣ ማዞሪያዋን አልለቅም። አንተም እያሳለህ አለቀቅካትም።

ደግሞ ቀኛዝማች ነው ያልኩህ ያን ዕለት ከፊት ስለተቀመጥኩ ነው። አሁን ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ። ግራዝማች ነው። ከፊት ሆነህ እንደ ልብህ ተከራከረኝ፤

ይኸው፣ ሕይወት ከበሩ ትጣራለች። “እማማ! ልዋጩ መጥቷል፣ ሁለት ሳፋና አንድ ትልቅ ጆግ ይዞ፣ ቶሎ ነይ!” ትላለች። መጣሁ፣ አንቺ፣ ምን ያስጮህሻል! ሰውየውን ግባና ትንፋሽህን ሰብስብ በይው፣ ውኃም ስጪው። ሳፋውን ግን ከትከሻው አያውርድ።